ስንት በግ አለህ አይባልም

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ እኔ ባልናገረውም የሚያውቁኝ ሁሉ ይናገሩታል። እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ "የዚች ልጅ ምላስ ከእግሯ ይቀድማል" ትል ነበር። ልጄ ደግሞ ስልክ ላይ ድምፄ ከፍ ካለ ተነስታ የክፍሏን በር ትዘጋለች። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያወጡልኝ ቅጽል ስም እንዳለ አውቃለሁ። ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም፤ ደስ የሚል ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይነግሩኝ ነበር።

ላወራላችሁ የፈለግኩት ስለ አንድ ተማሪዬ ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበር፣ እኔ ደግሞ አማካሪው። መንዝ ውስጥ ከቀየት ብዙ በማይርቅ መንደር ተወልዶ፣ እዚያው አካባቢ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ሆኖ ዓመታት የሠራ፣ አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ባለትዳርና የልጆች አባት። ሲናገር ጆሮ ጠጋ ካላደረጉ አይሰማም። ቢሮዬ ሲገባ ተቀመጥ እስክለው ይቆማል፤ ሲቀመጥም የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ያልኩትን ሁሉ "እሺ፣ ዶክተር" ይላል። ይህን ምዕራፍ እንደገና ጻፈው፤ እሺ፣ ዶክተር። ይኼ ሠንጠረዥ ምንም አልነገረኝም፤ እሺ፣ ዶክተር። እኔም ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር። የሚታዘዝ ተማሪ ሁሉ የሚማር ይመስለኝ ነበር።

ጥናቱ ስለ መንዝ በግ ነበር። አንድ ቤተሰብ ስንት በግ አለው፣ ሣሩን ከየት ያመጣል፣ ክፉ ዘመን ሲመጣ የትኛዋ ትሸጣለች፣ የትኛዋ ለዘር ትቀራለች። ለዚህ ብሎ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ በቀየት በኩል፣ አልፎም እስከ ራቤል ድረስ ቤት ለቤት ዞሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ። የተሞላውን መጠይቅ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ደብረ ብርሃን ያመጣበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከረጢቱን ቢሮዬ ወለል ላይ ሲያሳርፈው አቧራው ተነሳና አስነጠሰኝ። "ይማርዎት" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሁሉ መንገድ ሲያወራልኝ ይውል ነበር፤ እሱ ይቺን ብቻ ብሎ ሄደ።

በየሐሙሱ ጠዋት ከማማክራቸው ተማሪዎች ጋር አንድ ላይ እንቀመጣለን። እሱን ጨምሮ ስድስት ናቸው። አንዱ ሥራውን ያቀርባል፣ ሌሎቹ ይጠይቁታል። መስከረም መጨረሻ ላይ ተራው የእሱ ሆነ። በዋዜማው ከረጢቱን ፈትቼ ወረቀቶቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር አየሁ። መልሱ ሁሉ በእስክሪብቶ ተሞልቷል፤ "ያላችሁ የበግ ብዛት" የሚለው ግን በእርሳስ ነው። ይኼ የአንድ ቤት ነገር ቢሆን ባለፍኩት፤ በሁሉም ነው፣ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው። የመመረቂያ ጽሑፉ ደግሞ ቁጥሩ የተገኘው ባለቤቶቹን በመጠየቅ ነው ይላል።

በዚህ ሥራ ላይ ዕድሜዬን ስፈጅ ብዙ ዓይነት ማጭበርበር አይቻለሁ። ከቤታቸው ሳይወጡ የአንድ ወረዳ መጠይቅ ሞልተው የሚያመጡ አሉ። እርሳሱን ሳይ ደሜ ፈላ። ለብቻው ጠርቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ "ይኼ ነገር ምንድን ነው?" ብለው ምን ነበረበት! ምን ነክቶኝ ነው እንደዚያ ያደረግኩት? ቁጣዬን አሳድሬ ሐሙስ ጠዋት በአምስቱ ጓደኞቹ ፊት አወረድኩበት።

"ይኼን ቁጥር ከየት አመጣኸው?" አልኩት፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፌ።

ዝም አለ።

"ሰዎቹን ጠይቀሃቸዋል ወይስ አልጠየቅካቸውም?"

"አልጠየቅኩም" አለ።

"ታዲያ ቤትህ ቁጭ ብለህ ነዋ የሞላኸው! እኔን ስታሞኝ፣ እነዚህን ጓደኞችህን ስታሞኝ! በውሸት ነው ዶክተር የምትባለው?"

አንገቱን ደፋ። "እሺ፣ ዶክተር" አለ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ፣ ጥጉን ከጥጉ አስተካከለና ከረጢቱ ውስጥ ጨመራቸው። አንዷ ከጠረጴዛው ሥር እግሬ አጠገብ ወድቃ ነበር። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳት እግሬን እንኳ አላሸሸሁለትም። ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ። አምስቱም ደብተራቸውን እያዩ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አማካሪ ነበረኝ፣ የተማረና የተፈራ ትልቅ ሰው። አንድ ቀን ሦስተኛውን ምዕራፌን ይዞ "ይኼ ምንድን ነው?" አለና ወለሉ ላይ በተነው። ተንበርክኬ ለቀምኩት። ልጄን አርግዤ ነበር፤ ጎንበስ ማለት ራሱ ያመኝ ነበር። ገጾቹ ቁጥር አልነበራቸውም፤ ቤቴ ገብቼ በቅደም ተከተል ስደረድራቸው አለቀስኩ። እኔ አስተማሪ ስሆን ይህን በሰው ልጅ ላይ አላደርግም ብዬ ማልኩ። መሐላ ምን ይከብዳል! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ ሰው አስለቀምኩ።

ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም አለፈ። አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። "ዝም ያለው ጥፋቱን ስላመነ ነው" እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ታኅሣሥ ሲገባ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ መጣ፤ የዓመቱ የሥራ ሂደት ቅጽ በአማካሪ ተፈርሞ ከገና በፊት ካልገባ የተማሪው ስም ከመዝገብ ይሰረዛል። አራት ዓመት የለፋበት ነገር በእኔ ፊርማ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ "ይቀጥላል" እና "አይቀጥልም"። ሁለተኛው ላይ ምልክት ላደርግ እስክሪብቶዬን አንስቼ ሳለ ሰው ጠራኝ። ሰኞ እጨርሰዋለሁ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ልጄ ከፍታ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል።

"እማዬ፣ ሽማግሌዎች ናቸው" አለችኝ።

ልጄ ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ናት። ዓይን ለዓይን ተያየን። "የምን ሽማግሌ? ትምህርትሽን ሳትጨርሺ!" ብዬ ልጀምር ስል፣ "በማርያም እኔ የማውቀው የለም!" ብላ እጇን አርገበገበች። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እምቢ የምልበትን ቃል በሆዴ እያዘጋጀሁ ወጣሁ።

ሁለት ናቸው። አንዱ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ቄስ፣ ሌላው ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና የደረቡ ረጅም ገበሬ። ጎህ ሳይቀድ ከመሐል ሜዳ ተነስተው በሚኒባስ መምጣታቸው ነው፤ የመንገዱ አቧራ ቅንድባቸው ላይ ነበር። መስቀል ተሳለምኩ። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፣ አልተቀመጡም።

"ልጃችን በድሎዎታል" አሉ ቄሱ እንደቆሙ። "ምን እንዳደረገ አልነገረንም። መምህሬን አስቀየምኩ ብቻ ነው ያለው። ይቅር ሳይሉት አንቀመጥም።"

ለልጄ እንዳልመጡ ሲገባኝ መጀመሪያ ተነፈስኩ፤ ለማን እንደመጡ ሲገባኝ ደግሞ ንድድ አልኩ። "እሱ ነው የላካችሁ?"

"እሱማ መምጣታችንንም አያውቅ" አሉ ገበሬው። አጎቱ ናቸው። "ሚስቱ ናት ያለቀሰችብን። ከመስከረም ወዲህ እህል አይቀምስ፣ ከሰው አይጫወት። ያንን ከረጢቱን አልጋ ሥር ከትቶ ቀኑን ሙሉ ካብ ሲክብ ይውላል። ለማን እንደሚክበውም እንጃ።"

"አባቶቼ፣ ይኼ የድንበር ጠብ አይደለም። የትምህርት ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌ አይገባበትም" አልኳቸው።

"ሽማግሌ የማይገባበት ምን አለ ልጄ?" አሉ ቄሱ። እስካሁን እርስዎ ሲሉኝ የነበሩት እዚህ ላይ ወደ አንቺ ዞሩ፣ እኔም አልከፋኝም። "ሰውና ፈጣሪ እንኳ ታርቀው የለም ወይ?"

በግድ፣ በልመና፣ "በኋላ እንነጋገራለን" ብዬ አስቀመጥኳቸው። ልጄ ሻይና ዳቦ አቀረበች። ወሬ ለመቀየር ወደ አጎትየው ዞርኩ። "ዘንድሮስ በጉ እንዴት ነው? ስንት በግ አለዎት?" አልኳቸው።

ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሱት። "ይመስገን፣ አለን" አሉ።

አሁንም አልገባኝም። "ስንት ይሆናል?" ብዬ ደገምኩ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጎትየው ወለሉን ማየት ጀመሩ። "እንግዲህ እሱ የሰጠንን ያህል" አሉ በመጨረሻ።

"ልጄ" አሉኝ ቄሱ ዝግ ብለው፣ "እኛ አገር ስንት በግ አለህ አይባልም። ሕፃን እንኳ አይጠይቀውም።"

ክው ብዬ ቀረሁ። የገዛ አባቴ መርሐቤቴ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ልጅ ሳለሁ ስለ አገሩ ከብቶች ስጠይቀው "ደህና ነበሩ" እንጂ ቁጥር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አውቀው ነበር እኮ! ከተማ ስኖር፣ ወረቀት ሳርም፣ ስረሳው ስረሳው ከራሴ ጠፋ። ደግሞ የባሰው ሌላ ነው። ያቺን ጥያቄ መጠይቁ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እሱ ትቷት ነበር። "ይኼ ጥያቄማ የግድ መኖር አለበት" ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኳት። እሱም እሺ፣ ዶክተር አለ።

"ታዲያ እሱ እንዴት አወቀው?" አልኩ። ድምፄ ቀጥኗል። "የእርስዎን ቤት ቁጥር እንዴት ጻፈው?"

አጎትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "እሱማ ጨዋ ልጅ ነው፣ መች ይጠይቃል! አመሻሽ ላይ በጉ ሲገባ በረት አፍ ላይ ይቀመጣል። ልያቸው ወይ ይላል። እይ እንለዋለን። ያያል፣ ይባርክ ብሎ ተነስቶ ይሄዳል። ማየትማ ምን ነውር አለው?"

"በየቤቱ?"

"በየቤቱ ነዋ። በዚያ ውርጭ! እግዚኦ፣ ሳንባውን ይወጋዋል እያልን ስንፈራለት ነበር።"

ሌላው ሰው ጠይቆ በጥቂት ቀን የሚጨርሰውን እሱ በየማታው አንድ አንድ ቤት እያለ ነው የጨረሰው። ያንን ነው እኔ ቤትህ ቁጭ ብለህ ሞላኸው ያልኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ። እንባዬን ሰው ሲያይብኝ አልወድም፤ ሻይ ልጨምር ብዬ ጓዳ ገባሁ። ልጄ ተከትላኝ ገብታ ምንም ሳትል ፎጣ ሰጠችኝ።

ሽማግሌዎቹ እሑድን ዘመዶቻቸው ዘንድ አሳለፉ፤ ሰኞ ማለዳ ሦስታችንም የመሐል ሜዳ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተደርድረን ወጣን። ቄሱ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ፣ አጎትየው እንቅልፋቸውን ይተኛሉ፣ እኔ የይቅርታ ንግግር አዘጋጃለሁ። መሐል ሜዳ ላይ መኪና ቀይረን ወደ ቀየት አቅጣጫ ጥቂት እንደሄድን ወረድን። "ቤቱ እዚያች ጋ ነው" አሉኝ አጎትየው በከዘራቸው እያመለከቱ። እዚያች ጋ የተባለችው መንገድ ሁለት ሰዓት አስኬደችኝ። ነፋሱ ፊቴን ይገርፈኛል፣ እሳቸው በሰባ ዓመታቸው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፣ እኔ "ቅርብ ነው ያሉኝ እኮ!" እያልኩ እነጫነጫለሁ። ቄሱ ይስቃሉ።

እንዳሉትም ካብ ሲክብ አገኘነው። ሲያየኝ ድንጋዩን እንደታቀፈ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠው፣ እጁን በሱሪው ጠራረገ፣ መጥቶ በሁለት እጁ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። ከስቷል። "ደህና ሰነበቱ፣ ዶክተር?" አለኝ።

ያ ሁሉ የተዘጋጀ ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። "ለምንድን ነው ያልነገርከኝ?" ብዬ ጮህኩ። አመል ያወጣል ከመሐል፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ መቆጣት! "በረት አፍ ላይ ተቀምጬ ነው የቆጠርኩት ማለት ምን ያቅታል?"

"እሺ፣ ዶክተር።"

"እሺ አትበለኝ!"

አጎትየው ሳቃቸው አመለጣቸው። ቄሱ ግን አልሳቁም፤ ሁለታችንንም ካቡ ላይ አስቀመጡንና እሳቸው ፊት ለፊታችን ቆሙ። "በደንብ እንነጋገር" አሉ። "በዳዩ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልን፣ እሱም እኔም እኩል።

ቄሱ አጎትየውን አዩዋቸው። "እንግዲህ ይኼን ያህል ዘመን ስሸመግል በዳይ የጠፋበት እንጂ ተበዳይ የጠፋበት ጠብ አጋጥሞኝ አያውቅም" አሉ።

መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ። የማይጠየቅ ጥያቄ ጠይቅ አልኩት፤ ከዚያ አልጠየቅክም ብዬ በሰው ፊት ውሸታም አልኩት አልኳቸው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትሰማለች። እሱ ተራው ሲደርስ አንዲት ጠጠር ከካቡ አንስቶ አገላበጠ። "እንዲህ ያለ አቆጣጠር የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም" አለ። "የገበሬ ዘዴ ብለው የሚስቁብኝ መሰለኝ። አፍሬ፣ ጠይቄ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስለዚህ ውሸታም መባሌ ልክ ነበር።"

"እሺ ያ ይሁን። ያን ቀን ግን ለምን አልመለስክልኝም?"

"መምህር ሲቆጣ አይመለስለትም። ዝም አይነቅዝም ብለው ነው ያሳደጉኝ።"

"ካልተናገሩ ደጃዝማችነትም ይቀራል!" አልኩት።

ቄሱ እጃቸውን አነሱ። "ተረቱ ይብቃችሁ" አሉ። ፍርዳቸው አጭር ነበር። እሱ ያቺን ውሸት ከጽሑፉ ያውጣ፣ እንዴት እንደቆጠረም ሳያፍር ይጻፍ። እኔ ግን እዚያ፣ እነሱ ፊት የጠየቅኩት ይቅርታ አይበቃም። "ስድቡ የተጣለው በአምስት ሰው ፊት ነው፤ እዚያው ሄደሽ አንሺው" አሉኝ። "እኛ ብንሰማው ለእኛ ደስ ይለናል እንጂ ለእሱ ምን ያደርግለታል?" የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ይህን ግን የነገረኝ ማንም አልነበረም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ "አሳየኝ" አልኩት። አጎቱ በረት አፍ ላይ ሄደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። "ልያቸው ወይ?" አለ እንደ ሥርዓቱ። "እይ፤ እሷም ትይ" አሉ አጎትየው። ከኪሱ አንድ እፍኝ ባቄላ አውጥቶ ለእኔም አካፈለኝ። አንድ በግ ባለፈ ቁጥር አንድ ባቄላ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ይሸጋገራል። ጣት አይቀሰርም፣ ከንፈርም አይንቀሳቀስም። በጎቹ እየተጋፉ ገቡ፤ እኔ ኪሴን ሳስስ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረብብኛል። ሲያልቅ የእሱና የእኔ ባቄላ በሁለት ተለያየ። "ጥቁሮቹ ግልገሎች እናታቸው ሥር ሆነው ነው ያለፉት" አለኝ በሹክሹክታ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። አጎትየው ቢሰሙ ያዝኑብኛል።

"ይባርክ" አለ። "ይባርክ" አልኩ እኔም። ልጻፈው ብዬ እስክሪብቶዬን ባወጣ አልጽፍ አለኝ። ብጭረው፣ ባራግፈው፣ እፍ ብለው ወይ ፍንክች! በዚያ ብርድ ቀለሙ ረግቷል። ምንም ሳይለኝ ከደረት ኪሱ እርሳስ አውጥቶ አቀበለኝ። ሌላውን መልስ ቤት ውስጥ እሳት ዳር ሲጽፍ፣ ቁጥሩን ግን ውጭ እዚህ ውርጭ ላይ ነበር የሚጽፈው። በእርሳስ የተጻፈበት ምክንያት ይኼ ብቻ ነበር።

ያን ዕለት እነሱው ቤት አደርኩ፤ በማግስቱ ጠዋት ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እስክሪብቶዬን ብብቴ ሥር ከትቼ አሞቅኩና "ይቀጥላል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ። ሚስቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኑ ከለከላት። ስወጣ የግቢያቸውን በረት አየሁ። አጥሩ ደህና ነው፣ በሩም አለ፤ ውስጡ ግን ሦስት ዶሮዎች ይጭራሉ እንጂ የበግ ዱካ የለም። ለመስክ ሥራው የሚሰጠው አበል ግማሽ መንገድ እንደማያደርሰው አውቅ ነበር፤ ቀሪውን ከየት እንደሚሞላው ግን በአራት ዓመት አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም። ያን ጠዋትም አልጠየቅኩም። ቢያንስ ያን ያህል ተምሬ ነበር።

ከገና በፊት ባለው ሐሙስ ስድስቱም መጡ። እሱ እንደ ልማዱ ጥግ ላይ፣ የወንበር ጫፍ ላይ ነው። ቆሜ ተናገርኩ። "መስከረም ላይ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰውን ውሸታም ብዬ ሰድቤያለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ ፈረድኩ፤ ያውም እናንተ ፊት። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ" አልኩ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁት። እሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ መግቢያ ጠፋው። አንዷ ተማሪ እንባዋን ጠረገች፣ ሌላው ጣሪያውን አየ።

እፍረቴን ለመሸፈን ወዲያው ወደ ሥራ ገባሁ። ስለ ባቄላው ነገርኳቸው፣ ስለ እርሳሱም። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ፣ "እንግዲህ ምዕራፉ ላይ ምክንያቱን ጨምር" አልኩት። "ሰዉ ቁጥር የማይናገረው ዓይን ስለሚፈራ ነው፤ ግብር ይመጣብናል ብሎም ይሰጋል። እንዲህ ብለህ ጻፈው።"

እሺ፣ ዶክተር ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ተነሳ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

"ዶክተር" አለ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተሳስተዋል።"

አምስቱም እኔን ያያሉ፣ አሁን ፈነዳች ብለው።

"ዓይን የሚፈራ አለ፣ አልዋሽም። ግብሩንም የሚፈራ አይጠፋም። ዋናው ግን እሱ አይደለም" አለ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መስኮቱ ድረስ ተሰማ። "ሰንበቴ ላይ አሥር ሰው ተቀምጧል እንበል። አንዱ ይህን ያህል በግ አለኝ ካለ ጨዋታው ወደ ሁለተኛው ይዞራል፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው። ከመካከል ድርቅ የጨረሰበት ይኖራል። ሸጦ የጨረሰም ይኖራል። ተራው ሲደርስ በሰው ፊት ምን ይበል? ለእሱ ሲባል ነው ሁላችንም ይመስገን፣ አለን የምንለው።"

ሦስቱ ዶሮዎች ትዝ አሉኝ። በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በአምስት ሰው ፊት "አልጠየቅኩም" ያሰኘሁት ትዝ አለኝ። አፈርኩ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚመጡ አላውቅም ነበር። እሱ አልተቀመጠም፣ አንገቱንም አልደፋም፤ መልሴን ቆሞ ይጠብቃል።

እርሳሴን አነሳሁ።

"እሺ" አልኩት፣ ጻፍኩትም።